ላስ ቬጋስ የግቢ ሳሯን ለምን ነቀለች?

በላስ ቬጋስ ሸለቆ የዓመቱ ዝናብ ሁሉ ቢጠራቀም 100 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ እጥፍ በላይ ታገኛለች። በዚያ በረሃ አንድ ካሬ ሜትር የግቢ ሳር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ወደ 3,000 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። መሬቱ ላይ የ3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ከሰማይ የሚመጣው 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ ከቧንቧ ይመጣል።

ይህ የጉዳይ ጥናት ከተማዋ ሳሯን እንዴት እንደቀነሰች፣ በምትኩ ምን እንደተከለች፣ ምን እንዳተረፈችና የት ላይ እንደተቸገረች ያያል። ስለ ውሃ ቁጠባ የሚያወራ ከተማ ብዙ ነው። ላስ ቬጋስ ግን ሳሩን ለክታ፣ ውሃውን በቆጣሪ ቆጥራ፣ ከኪሷ ከፍላ ነው የሠራችው። ስለዚህ የሚጨበጥ ነገር ይገኝበታል። ደግሞም የእኛ ሰው የበዛበት ከተማ ነው። ላስ ቬጋስ ያለችበት የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ አካባቢ እስከመሰየም ደርሷል። እዚያ ቤት የገዛ ሐበሻ ይህን ጉዳይ በራሱ ግቢ ያውቀዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ ላስ ቬጋስ ስናገር በጋ የምለው ሐምሌ አካባቢ ያለውን ሞቃት ወቅት፣ ክረምት የምለው ታኅሣሥ አካባቢ ያለውን ቀዝቃዛ ወቅት ነው።)

ሳሩ እንዴት መጣ

ሸለቆው ድሮ ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ ነበረው። ፓዩት የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በዚያ ውሃ ኖረዋል። ከተማዋ በ1905 የባቡር ሐዲድ ተከትላ ስትመሠረትም የጠጣችው ከዚያው ምንጭ ነው። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ እየተቆፈረ ውሃው ሲሳብ ቆየና በ1962 ምንጮቹ መፍሰስ አቆሙ። መሬቱም በቦታ ቦታ ሰጠመ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ዓይን የዞረው ወደ ኮሎራዶ ወንዝ ነው። ዛሬ ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የደቡብ ኔቫዳ ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከዚህ ወንዝ ይመጣል። ወንዙ በሁቨር ግድብ ታግዶ ሚድ ሐይቅን ሠርቷል፤ ከተማዋም የምትቀዳው ከዚያ ነው። ወንዙን ግን ሰባት የአሜሪካ ግዛቶችና ሜክሲኮ ይጋሩታል። በ1922 ግዛቶቹ ተዋዋሉ፤ በ1928 ደግሞ የታችኛው ተፋሰስ፣ የካሊፎርኒያ፣ የአሪዞናና የኔቫዳ፣ ድርሻ በሕግ ተከፋፈለ። ኔቫዳ የደረሳት በዓመት 370 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ካሊፎርኒያ ከዚህ ወደ 15 እጥፍ የሚጠጋ ወሰደች። በጊዜው በደቡብ ኔቫዳ የሚኖረው ሰው በጣም ጥቂት ስለነበረ ማንም አልተከራከረም። ያ ድርሻ እስከዛሬ አልተለወጠም። ሰዉ ግን ከ2 ሚሊዮን አልፏል።

የመጣው ሰው ብዙው ዝናብ ከማይጠፋባቸው ግዛቶች ነበር። ከቤቱ ፊት ለፊት ሳር ማየት ለምዷል። ቤት ሠሪዎችም ቤቱን ከነሳሩ ሸጡለት። ሳሩ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከቀዝቃዛ አየር የመጣ፣ በበጋው ሙቀት ብዙ ውሃ የሚጠጣ ፌስኪዩ የሚባል ሳር ነው። ሌላው አሜሪካኖች የቤርሙዳ ሳር የሚሉት ነው። እሱን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ ሰርዶ ነው። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ራሱ ሰርዶ። ሙቀት ይችላል፣ ሲደርቅም ሥሩ አይሞትም። በረሃ ላይ አረንጓዴ ይሁን ከተባለ ግን እሱም ሳያቋርጡ ማጠጣት ይፈልጋል።

የሚመለስ ውሃና የማይመለስ ውሃ

ጉዳዩን በደንብ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው ላስ ቬጋስን ሲያስብ ውሃ የምታባክን የሚመስለው በሆቴሎቿ ነው። ፏፏቴው፣ ሻወሩ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠረው የእንግዳ ክፍል። እውነታው ሌላ ነው።

ቤት ውስጥ የፈሰሰ ውሃ፣ ከሻወርም ይሁን ከሽንት ቤት ወይም ከወጥ ቤት፣ በፍሳሽ መስመር ይሄዳል። ይጣራል። ከዚያ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው መውረጃ ተመልሶ ሚድ ሐይቅ ይገባል። ከተማዋ የመለሰችው ውሃ ስለሚቆጠርላት በምትኩ ያንኑ ያህል ደግማ መቅዳት ትችላለች። ቤት ውስጥ ከሚፈሰው ውሃ ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ መንገድ ይመለሳል። ሆቴል ያረፈ እንግዳ ግማሽ ሰዓት ሻወር ቢወስድ ውሃው ዞሮ ሐይቁ ውስጥ ነው።

ሳር ላይ የተረጨ ውሃ ግን አይመለስም። ገሚሱ በአየር ላይ እያለ ይተንናል፣ ገሚሱ ሳሩ ጠጥቶ ወደ አየር ይለቀዋል፣ ገሚሱ በእግረኛ መንገድ ፈስሶ ይቀራል። ከድርሻቸው ላይ ለዘለቄታው የሚጠፋው ውሃ ይህ ነው። ስለዚህ «ጥርስህን ስትቦርሽ ቧንቧ ዝጋ» የሚለው ምክር ሌላ ቦታ ጥሩ ቢሆንም ለዚህች ከተማ ዋናው ቁም ነገር አልነበረም። ዋናው ቁም ነገር ደጅ ያለው ሳር ነው።

እኔ ከዚህ ጉዳይ ትልቁ ትምህርት ይሄ ይመስለኛል። ሰዎቹ ሥራ የጀመሩት «የትኛው ውሃ ነው የሚጠፋብን?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ነው።

በ2002 የሆነው

ከተሞቹና የውሃ ድርጅቶቹ በ1991 ተሰባስበው የደቡብ ኔቫዳ ውሃ ባለሥልጣንን አቋቋሙ። ከዚያ በፊት እርስ በርስ ይሻሙ ነበር። ባለሥልጣኑን እስከ 2014 የመሩት ፓትሪሺያ መልሮይ ናቸው። እሳቸውን የተኩት ደግሞ ጆን ኤንትስሚንገር።

2002 ክፉ ዓመት ነበር። ኮሎራዶ ወንዝ ከወትሮው ፍሰቱ ሩብ ያህሉን ብቻ ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት ደቡብ ኔቫዳ ከድርሻዋ በላይ ተጠቀመች። በ2000 ሞልቶ የነበረው ሐይቅ መውረድ ጀመረ፤ እስከ 2022 ድረስም ከ50 ሜትር በላይ ወረደ። በነጭ ቀለም የተቀባ የሚመስል ሰፊ መስመር በድንጋዩ ዙሪያ ቀረ። ያ ድሮ ውሃው ይደርስበት የነበረው ቦታ ነው።

ከ2003 ጀምሮ ሕጉ ጠበቀ። አዲስ የሚሠራ ቤት ከፊት ለፊቱ ሳር እንዳይኖረው ተከለከለ። የማጠጫ ቀንና ሰዓት ወጣ። በበጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በመርጫ ሳር ማጠጣት አይቻልም፤ በክረምት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ውሃ መንገድ ላይ ሲፈስ የተገኘ ሰው ይቀጣል።

ልኬቱ

ከቅጣቱ ይበልጥ የሠራው ግን ክፍያው ነው። ክፍያው የቆመው ደግሞ በልኬት ላይ ነው።

ባለሥልጣኑ በርካታ ዓመት የወሰደ ጥናት አካሂዶ ውጤቱን በ2005 አወጣ። ሳር ያላቸውንና ሳራቸውን በበረሃ ተክል የቀየሩ ቤቶችን እያስተያየ፣ የደጁን ውሃ ለብቻው በሚቆጥር ቆጣሪ ጭምር እየተከታተለ ነው ያጠናው። ውጤቱን ወደ እኛ መለኪያ ስቀይረው ይህን ይመስላል። ሳር በካሬ ሜትር በዓመት 3,000 ሊትር ያህል ይጠጣል። በረሃ በለመዱ ተክሎች የተሸፈነ ግቢ ወደ 700 ሊትር ይበቃዋል። ቁጠባው 76 በመቶ ነው። ሳራቸውን የቀየሩ ቤቶች ጠቅላላ የውሃ ፍጆታ በ30 በመቶ ወረደ። ለግቢ እንክብካቤ የሚጠፋው ጊዜም በወር ከ2 ሰዓት በላይ ቀነሰ፤ ወጪው ደግሞ በዓመት ወደ 200 ዶላር።

ይህ ቁጥር ከተገኘ በኋላ ሌላው ሒሳብ ቀላል ነው። ከሩቅ ተራራ ሥር ውሃ በቱቦ ለማምጣት ስንት ይፈጃል? ሰው ሳሩን እንዲነቅል ስንት ብንከፍለው ያንኑ ውሃ እናገኛለን? ሳር ማስነቀል ረከሰ።

ክፍያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በካሬ ጫማ 1 ዶላር አካባቢ ነበር። ከዚያ እያደገ 3 ዶላር ደረሰ፤ በ2024 ለመኖሪያ ቤት 5 ዶላር ሆነ። በካሬ ሜትር ሲታሰብ ከ50 ዶላር በላይ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ዋጋ 100 ካሬ ሜትር ሳር ያለው ቤተሰብ ከ5,000 ዶላር በላይ ያገኝ ነበር። ለጠጠሩ፣ ለተክሉና ለቧንቧው ቀላል የማይባል እገዛ ነው።

ገንዘቡ ግን ዝም ብሎ አይሰጥም። መጀመሪያ ባለሙያ መጥቶ ሳሩ በሕይወት እንዳለ አይቶ ይለካል። ሳሩን አስቀድሞ የነቀለ ሰው አያገኝም። አዲሶቹ ተክሎች ሲያድጉ ቢያንስ የቦታውን ግማሽ መሸፈን አለባቸው። ውሃው በጠብታ መስኖ መሆን አለበት። ባለቤቱም ሳሩን መልሶ እንደማይተክል ይፈርማል፤ ቤቱ ቢሸጥም ግዴታው ወደ ገዢው ይተላለፋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብልህነት ያለበት ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡን ተቀብሎ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳር መመለስ ቢቻል ኖሮ ሁሉም ድካም ከንቱ ይቀር ነበር።

እስካሁን ከ200 ሚሊዮን ካሬ ጫማ በላይ ሳር ተነስቷል። ከ1,800 ሄክታር ይበልጣል። ከ2002 እስከ 2023 ባለው ጊዜ የሸለቆው ሕዝብ ከ700 ሺህ በላይ ሲጨምር፣ በነፍስ ወከፍ የሚጠፋው ውሃ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሰው እየበዛ ጠቅላላው ውሃ መቀነሱ በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

ማንም የማይረግጠው ሳር

ፈቃደኛ የሆነው ሰው ከነቀለ በኋላ ቀሪው ሳር አስቸጋሪው ሆነ። በመንገድ መሐል፣ በአደባባይ፣ በቢሮ ሕንፃ ዙሪያ፣ በመኖሪያ ሰፈር መግቢያ ያለው ሳር። ልጅ አይጫወትበትም። ሰው አይቀመጥበትም። የሚረግጠው ሳሩን የሚያጭደው ሠራተኛ ብቻ ነው።

ጁን 2021 የዚያን ጊዜው የኔቫዳ ገዥ ስቲቭ ሲሶላክ አንድ ሕግ ፈረሙ። ከ2026 መጨረሻ በኋላ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሌለው ሳር ማጠጣት አይቻልም። ሕጉ የግል መኖሪያ ቤት ግቢን አይነካም። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ መናፈሻና መቃብርም አይነኩም። ዒላማው ወደ 1,580 ሄክታር ሳር ነው። ሲነሳ በዓመት 36 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይተርፋል ተብሎ ተሰልቷል፤ ይህ የግዛቲቱን ድርሻ 10 በመቶ ያህላል።

ሕጉ በወጣ በሁለት ወሩ የአሜሪካ መንግሥት በሚድ ሐይቅ ላይ በታሪክ የመጀመሪያውን የውሃ እጥረት አወጀ። በ2022 በጋ ሐይቁ በ1930ዎቹ ሲሞላ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። በሩቁ ሲታይ ሕጉ የከረረ ይመስል ይሆናል። ሐይቁ ዳር ቆሞ ላየው ሰው ግን ዘግይቶ የመጣ ነው።

በምትኩ ምን ተተከለ

ላስ ቬጋስ ያለችው በሞሃቪ በረሃ ውስጥ ነው። ሞሃቪ የራሱ ተክሎች አሉት። ከነዚህ ውስጥ በግቢ በብዛት የሚተከለው «የበረሃ አኻያ» የሚሉት ትንሽ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ አበባው ሮዝና ሐምራዊ ነው፤ ንብና ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍ ይወዱታል። ቢጫ አበባ የሚያወጣው ብሪትልቡሽ አለ። ብርቱካናማ አበባ ያለው ግሎብማሎው አለ። ዝናብ ሲነካው አገሩን በጠረኑ የሚሞላው ክሪዮሶት ቁጥቋጦ አለ። የእኛን የበለስ ቁልቋል ዘመድ የሆነና ሮዝ አበባ ያለው ቢቨርቴይል ቁልቋልም የዚያው በረሃ ተወላጅ ነው።

ከውጭ መጥተው አየሩን የለመዱም ብዙ ናቸው። የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝመሪ የምንለው፣ በየመንገዱ ዳር ተንጣሎ ይታያል። በጣም ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ሮማንም በደንብ ያፈራል። ጤና አዳምም ደረቅ አየርና ፀሐይ ስለሚወድ ይስማማዋል። የጓሮ አትክልት ደግሞ ከሳር ጋር አንድ ላይ አይታይም፤ ጎመንና ቃሪያ የሚተክል ሰው የሚከለክለው የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ። አገር በቀል ማለት የት እንደሆነ ሳይነገር ትርጉም የለውም። በኔቫዳ ከሚመከሩት ዛፎች አንዱ መስኪት ነው። እዚያ የአገሩ ልጅ ነው፤ ጥላ ይሰጣል፣ አፈሩን ያለማል፣ ፍሬውን ነባር ሕዝቦቹ ይፈጩት ነበር። የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ እኛ ፕሮሶፒስ የምንለው ነው። በ1970ዎቹና 80ዎቹ አፈር እንዲይዝ ተብሎ አፋር ውስጥ ተተከለ። ከብቱ ፍሬውን እየበላ በእበቱ ዘራው። የአዋሽን ዳርቻ ወረረ፤ የግጦሽ ሳሩንና ግራሩን አጠፋ። አፋሮች «የደርግ ዛፍ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ አርብቶ አደሩ ስንት ጉዳት እንዳየበት የአካባቢው ሰው ይናገራል። በላስ ቬጋስ የመንገድ ዳር ጌጥ የሆነው የወፍ ቆሎ፣ እነሱ ላንታና የሚሉት፣ በእኛ አገር ምሥራቅ ግጦሽ የሚያጠፋ ወራሪ ነው። እዚያ የክረምቱ ውርጭ ይመታዋልና አይስፋፋም። በተቃራኒው ከአፍሪካ ለጌጥ የሄደ ፋውንቴን የሚሉት ሳር ኔቫዳ ውስጥ ጎጂ አረም ተብሎ ተመዝግቧል። ስለዚህ ከላስ ቬጋስ የተክል ዝርዝር ወስዶ ድሬዳዋ የሚተክል ሰው አገር ሊጎዳ ይችላል። የሚወሰደው ዘዴው ነው፤ ተክሉን እያንዳንዱ አገር ከራሱ መፈለግ አለበት።

ዛፉስ?

አሁን ወደሚያሳስበኝ ክፍል ልምጣ። ውሃው ላይ የተገኘው ድል ትልቅ ነው፤ ዛፍ ላይ ግን ብዙ ጠፍቷል።

በሳር መሐል የቆመ ዛፍ ሕይወቱ በሳሩ መርጫ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ሳሩ የሚጠጣውን እየተሻማ ላይ ላዩን ተዘርግቷል። ሳሩ ሲነቀል መርጫው ይዘጋል። ለዛፉ በግንዱ ሥር ሁለት የጠብታ ቀዳዳ ይቀመጥለታል። 20 ዓመት ለሞላው ዛፍ ይህ ምንም አይደለም። የሚጠጡት ሥሮቹ ያሉት ከግንዱ ርቆ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ በሚደርስበት አካባቢ ነው። በሁለት በጋ ውስጥ ጫፉ ይደርቃል፤ ከዚያ ሙሉው ይሞታል። ብዙ ነዋሪ ሰፈሩ ውስጥ ዛፍ ማለቁን እያነሳ የሚያማርረው ለዚህ ነው። ሕጉ ዛፍ ይገደል አላለም። ሥራውን በቸኮሉ ተቋራጮችና በርካሽ ጨረታ ነው ዛፉ የሞተው።

ሁለተኛው ችግር ጠጠሩ ነው። አንዳንድ ግቢ ሳሩ ተነቅሎ አራት ቁጥቋጦ ብቻ ይተከልና ሌላው በጠጠር ይሸፈናል። ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ጠጠር ሌሊት ሙቀቱን ይመልሳል። ሳር ውሃ ስለሚያተን አካባቢውን ያቀዘቅዛል፤ እሱ ሲነሳ የሚተካው ጥላ ካልመጣ ሰፈሩ ይሞቃል። ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ መዝግባለች፤ የምንጊዜም ከፍተኛዋ ነው። በዚያው ዓመት በክላርክ ካውንቲ ከሙቀት ጋር በተያያዘ የሞተው ሰው ከ500 ይበልጣል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ዛፍ በሌለባቸው ድሃ ሰፈሮች ላይ ነው። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው፣ በእግሩ ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ነው የሚጎዳው።

ለዚህ መፍትሔ ሳሩን መመለስ አይደለም። ጥቂት ካሬ ሜትር ሳር በሚጠጣው ውሃ ጥላ ያለው የበረሃ ዛፍ ማሳደግ ይቻላል። ባለሥልጣኑ ለሚተከል ዛፍ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ጀምሯል። የላስ ቬጋስ ከተማ ደግሞ እስከ 2050 ድረስ 60,000 ዛፍ ለመትከል አቅዷል። እኔ ግን ከመጀመሪያው፣ ክፍያው ሲጀመር፣ «ግማሹ በተክል ይሸፈን» ከሚለው ጋር «ነባር ዛፍ የገደለ አይከፈለውም» የሚል ቢጨመር ኖሮ ይሻል ነበር እላለሁ። የተለካው ውሃ ነው፤ ስለዚህ የተሻሻለው ውሃው ነው። ጥላም ቢለካ ኖሮ ጥላውም ይጠበቅ ነበር።

ለእኛ ከተሞች

አዲስ አበባ ላስ ቬጋስ አይደለችም። በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ በክረምት ሳር ማንም ሳያጠጣው ይበቅላል። ችግሩ ከጥቅምት በኋላ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለመጠጥ የተጣራ ውሃ በጎማ ሳር ላይ ሲረጭ ማየት ያማል። እዚህም የሚጠየቀው ያው ጥያቄ ነው፤ ይሄ ሳር ማን ይቀመጥበታል? ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ ይኑር። ለዓይን ብቻ ከሆነ ቀጋ፣ እሬት፣ ጦስኝና ዳማከሴ አሉን። ለጥላ ወይራ፣ ዋንዛና ግራር አሉን። በጋውን ችለው የሚያልፉ ናቸው። አገር በቀል ተክል ከነስሙ ማየት የፈለገ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሄዶ መጎብኘት ይችላል።

ለላስ ቬጋስ አየር የሚቀርቡት ሰመራና ድሬዳዋ ናቸው። እነዚህ ከተሞች ገና እየተገነቡ ነው። ሳሩን ከተከሉ በኋላ ገንዘብ ከፍሎ ከማስነቀል መጀመሪያውኑ አለመትከል ይረክሳል። ላስ ቬጋስ ይህን የተማረችው በብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው።

እዚያ ላላችሁና ሳር ላላችሁ

ሳሩን ከመንካታችሁ በፊት አመልክቱ፤ ተቆጣጣሪው ሳይመጣ ከነቀላችሁ ክፍያው የለም። የሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለም ፕላኑን አስፈቅዱ። የኔቫዳ ሕግ ማኅበሩ ውሃ የማይፈልግ ግቢ ጨርሶ እንዳይከለክል ስለሚያደርግ «ሳር ግዴታ ነው» ቢሏችሁ ዝም አትበሉ።

ቀጥሎ ዛፎቹን ተመልከቱ። ሳሩ ውስጥ ዛፍ ካለ ከነቀላው በፊት የራሱን የጠብታ መስመር ዘርጉለት። ቀዳዳዎቹ ግንዱ ሥር ሳይሆን በቅርንጫፉ ጫፍ ዙሪያ ክብ ይሥሩ። ዛፉ እያደገ ሲሄድ ክቡን አስፉት። ውሃውን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመስጠት፣ በረጅም ጊዜ ልዩነት ብዙ አድርጋችሁ አጠጡ፤ ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ። ላይ ላዩን የጠጣ ዛፍ ንፋስ ይጥለዋል።

ሳሩ ፌስኪዩ ከሆነ ውሃ ሲቋረጥበት በበጋ በፍጥነት ይሞታል። ሰርዶ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ይጠብቃል፤ ጠጠር ቢደፋበትም ሰንጥቆ ይወጣል። በሚያድግበት በሞቃቱ ወራት፣ እየጠጣ ባለበት ሰዓት ማጥፋት ነው የሚያዋጣው። አንዴ ካጠፋችሁ በኋላ እንደገና ለሁለት ሳምንት አጠጡትና የሚወጣውን ደግማችሁ አጥፉ።

የሸለቆው አፈር ሌላ ፈተና አለው። ካሊቼ የሚባል፣ በኖራ የተጣበቀ፣ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ድርብርብ ከሥር ይገኛል። አካፋ አይበግረውም። ጉድጓዱን ወደ ታች ከማጥለቅ ይልቅ ከሥሩ ኳስ ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ወደ ጎን አስፉት። ውሃ ሞልታችሁ ጠብቁ፤ በማግስቱም ውሃው ካለ ያ ቦታ ለዛፍ አይሆንም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ለመትከል ምርጡ ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢ ነው። አየሩ ይበርዳል፣ መሬቱ ግን ገና ሙቀት አለው፤ ሥሩ ክረምቱን ሙሉ ይዘረጋል። በጋ የተተከለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቃጠላል። የበረሃ ተክልም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች እንደ ሕፃን መጠበቅ አለበት። «በረሃ ይችላል» ተብሎ የሚተወው ተክል ነው በብዛት የሚሞተው። ከሁለተኛው በጋ በኋላ ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። የመስኖውን ሰዓት መቆጣጠሪያ ደግሞ በየወቅቱ ቀይሩት፤ በሐምሌ የተሞላ ሰዓት እስከ ታኅሣሥ ሲሠራ ከቆየ ቁጠባው የለም።